ጥላው ለፕሪሙላ ምኑ ነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ አበባ ነው። በእንግሊዝና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ጨርሶ ሳይለቅ፣ ዛፎቹም ገና ቅጠል ሳያወጡ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ያብባል። ፕሪምሮዝ ይሉታል፤ የወገኑ ስም ፕሪሙላ ነው። በዚህ ወገን ወደ 500 የሚጠጉ ዝርያዎች ይቆጠራሉ፤ የሚበዙትም የሂማላያና የምዕራብ ቻይና ተራሮች ተወላጆች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ጽኑ ብርድ ችለው፣ በየዓመቱ ከዚያው ሥር እያቆጠቆጡ የሚኖሩት ለጓሮ ተመራጭ ሆነዋል። የችግኝ መሸጫዎች ከተክሉ ጋር የሚያያይዙት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ “የጥላ ተክል” ይለዋል። ገዢውም ያንን አምኖ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ የማይነካውን፣ ሣር እንኳ አልበቅልም ያለበትን ጥግ ይመርጥለታል። የመጀመሪያው ጸደይ ያምራል። በሁለተኛው ዓመት አበባው ይሳሳል፤ በሦስተኛው ተክሉ ራሱ የለም። ከዚያ በኋላ አበባው አስቸጋሪ ነው ተብሎ ይተዋል። እኔ ግን ጥፋቱ የአበባው ነው ብዬ አላምንም። ፕሪሙላ የሚሻው ጥላን አይደለም፤ የሚሻው በጸደይ በቂ ብርሃን፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ የማይደርቅ ቀዝቃዛ አፈር ነው። ጥላ እነዚህን ሲያስገኝለት ይጠቅመዋል፤ ሲነፍገው ይገድለዋል። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው የሚተክልበትን ቦታ የሚመርጠው ቀና ብሎ ቅርንጫፍ በማየት ሳይሆን ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመጨበጥ ነው።

ማስረጃውን ተክሉ በዱር ከሚኖርበት ስፍራ እንጀምር። በብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዌልስ፣ በዴቨንና በኮርንዎል፣ ዝናብ ብዙ ጊዜ አይለይም። በዚያ አገር ፕሪምሮዝ በጫካ ብቻ ተወስኖ አይኖርም። በየመንገዱ ዳር ባለው የአፈር ክትር ላይ፣ በአጥር ሥር፣ ባሕሩን በሚመለከት ገደል ላይ ሳይቀር ፀሐይ እያገኘው በብዛት ያብባል። ዝናቡ ወደሚያንስበት ወደ ምሥራቁ ክፍል ስንሻገር ግን ያው ተክል ከገላጣው መሬት ይሸሽና እርጥበት በሚይዝ ሸክላማ አፈር ላይ ወደቆሙት አሮጌ ጫካዎች ይጠጋል። ተክሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ዝናቡ ነው። ጥላ ለራሱ ሲባል የሚፈለግ ነገር ቢሆን ኖሮ በምዕራቡም ቢሆን ከጫካው ባልወጣ ነበር። በጫካው ውስጥ ያለው ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። የእንግሊዝ ገጠር ሰዎች ሄዘል የሚባለውን ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ከጉቶው እየቆረጡ ለአጥርና ለማገዶ ሲጠቀሙበት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በተቆረጠ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጸደይ መሬቱ በፕሪምሮዝ ይሸፈናል፤ ቅርንጫፉ ተመልሶ ሲገጥም አበባው ይቀንስና ተክሉ በቅጠል ብቻ እየኖረ ቀጣዩን ቆረጣ ይጠብቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ልማድ በብዙ ቦታ ሲቀር ጫካዎቹ ጨለሙ፤ አበባውም አብሮ አነሰ። የጫካ አበባ ብለን የምንጠራው ተክል የሚደምቀው ጫካው ሲከፈትለት ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን ከእንግሊዝ ሳይሆን ከስሜን ተራሮች የሚመጣው ነው። ፕሪሙላ በኢትዮጵያ ምድር በዱር ይበቅላል ሲባል ብዙ ሰው ይገረማል፤ ሊገረምም ይገባዋል፣ ምክንያቱም ይህ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወገን በአፍሪካ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ዘመዱ በየመን ተራሮች አለ፤ የስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ የሊኔየስ ተማሪ የነበረውና በ1763 በዚያው በየመን የሞተው ፒተር ፎርስኮል ፕሪሙላ ቬርቲሲላታ ብሎ መዝግቦታል። የእኛውን ደግሞ ሆክስተተር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በስሜን ስም ሲመንሲስ ብሎ ጠራው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዓድዋ እስኪያርፍ ድረስ የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ እንዲታወቁ ሆክስተተር ብዙ ሠርቷል። አንዳንድ ተመራማሪዎች የስሜኑንና የየመኑን የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ረጅም አንገት ያለው ቢጫ አበባ በግንዱ ላይ እርከን በእርከን ያወጣሉ። እንግዲህ ይህ ተክል የሚኖረው የት ነው? ውኃ በሚያንጠባጥብ ገደል፣ በጅረት ዳር፣ የፏፏቴ ርጭት በሚደርስበት አለት ላይ ነው። ሦስተኛው ዘመዳቸው ፕሪሙላ ቦቬአና በዓለም ላይ የሚገኘው በሲና ባሕረ ገብ ምድር በቅድስት ካትሪን ዙሪያ ባሉ ተራሮች ብቻ ሲሆን ሊጠፋ የተቃረበ ነው። ዝናብ እጅግ በሚያንስበት በዚያ ደረቅ ተራራ ጥላ አልጠፋም፤ በየቋጥኙና በየሸለቆው ሞልቷል። ተክሉ ግን ጥላው ባለበት ሁሉ አይገኝም፤ የሚገኘው ምንጭ በሚያረጥባቸው ጥቂት የአለት ስንጥቆች ውስጥ ነው። አንድ ወገን ከእንግሊዝ አጥር ሥር እስከ ሲና ዓለት ድረስ ተበትኖ ሳለ በሁሉም ቦታ የሚከተለው አንድ ነገር ካለ፣ የሚያስፈልገው ያ ነገር ነው ብሎ መደምደም ተገቢ ይመስለኛል። የስሜኑና የየመኑ ቅርንጫፎች የሰሜኑን አገር ብርድ ችለው ከቤት ውጪ አይከርሙም።  

የብርሃኑን ጉዳይ ደግሞ ጃፓን ከማንም አገር በተሻለ ታስረዳናለች። ጃፓናውያን ሳኩራሶ የሚሉትን ፕሪሙላ ሲቦልዲ ከኤዶ ዘመን ጀምሮ በብዙ መልክ አርብተውታል። በሳይታማ፣ በአራካዋ ወንዝ ጎርፍ ሜዳ ላይ፣ ታጂማጋሃራ የተባለ የዱር መኖሪያው ከ1920 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ያ ቦታ ጫካ አይደለም፤ የሸምበቆ ሜዳ ነው። በየዓመቱ በጥር የደረቀው ሸምበቆ ይቃጠላል። በመጋቢትና በሚያዝያ መሬቱ ገላጣ ሆኖ ሳለ ሳኩራሶው ያቆጠቁጣል፤ ሙሉ ብርሃን እያገኘም ያብባል። ከዚያ ሸምበቆው ተነሥቶ ከሰው ቁመት በላይ ይሆንና ይሸፍነዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ተክሉ የዓመቱን ሥራ ጨርሷል፤ ቅጠሉንም ጥሎ በአፈር ውስጥ ይተኛል። ጥላው የመጣው በሰዓቱ ነው። ይህ ምሳሌ ለጓሮ ባለቤት እጅግ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ጥላን የቦታ ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየታችን ስሕተት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በመጋቢት ጨለማ የሆነ ጥግና በሐምሌ ብቻ ጥላ የሚያርፍበት ጥግ፣ በካርዱ ቋንቋ ሁለቱም “ጥላ” ቢባሉም፣ ለፕሪሙላ አንድ አይደሉም።

ምክንያቱ በተክሉ አካል ውስጥ ነው። የፕሪምሮዝ ሥር ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሲሆን ከላይኛው የአፈር ንጣፍ ብዙም አይርቅም። ቅጠሉ ሰፊና ስስ በመሆኑ በሞቃት ቀን ብዙ ውኃ በትነት ያጣል፤ ሥሩ የጠፋውን ካልተካ ቶሎ ይጠወልጋል። ጥላ ትነቱን ይቀንስለታል፤ ውኃውን ግን አይሰጠውም። የሚቀጥለው ጸደይ እምቡጥ የሚፀነሰው ደግሞ ሞቃቱ ወራት አልፎ ቅጠል ወደሚረግፍበት ጊዜ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የተጠማ ተክል ቅጠሉ ቢያገግምም እንኳ መጋቢት ላይ አበባው ያንሳል። ጉዳቱና ምልክቱ በወራት ስለሚራራቁ ብዙ ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም፤ በጸደይ የሳሳውን አበባ አይቶ ማዳበሪያ ይጨምራል።

ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት ወደ ሲያትል ብንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ያ የአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ለፕሪሙላ የተመቸ አገር ነው ይባላል፤ የአሜሪካ የፕሪምሮዝ ማኅበርም በ1941 የተመሠረተው በዚያው አካባቢ ነው። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን ይህ ዝናብ የሚወርደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲሆን የሐምሌ ወር ድርሻ በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኢትዮጵያ ደጋ ለመጣ ሰው ይህ የተገለበጠ ዓመት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ጭቃ ሳይሆኑ አቧራ ናቸው። በዚህ ላይ የአካባቢው ትልልቅ ዛፎች ዳግላስ ፈርና ሬድ ሲዳር ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን ስለማይጥሉ በጸደይ ብርሃኑን ይከለክላሉ፤ የወረደውን ዝናብ ከፊሉን በቅርንጫፋቸው ላይ ያስቀሩታል፤ በሞቃቱ ወራትም ሥራቸው የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። በእነዚህ ዛፎች ሥር ያለው ጥላ ፕሪሙላ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱንም አይሰጥም። ካርዱን አምኖ እዚያ የተከለ ሰው ተክሉን በረሃ ውስጥ እንዳስቀመጠው ማወቅ አለበት። በጸደይ ዘግይተው ቅጠል በሚያወጡ ዛፎች አጠገብ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ወይም በቤቱ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ጎን፣ የጠዋት ፀሐይ ገብቶ የከሰዓቱ በማይደርስበት ዝቅ ባለ ቦታ ቢተከል ግን ዕድሜው ይረዝማል። አፈሩ በደንብ በበሰበሰ ቅጠልና ኮምፖስት መዳበር አለበት፤ ላዩም እንደገና በቅጠል ጉዝጓዝ መሸፈን አለበት። አሸዋማ አፈር ላላቸው ሰዎች ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየዓመቱ ይደገማል።

ከዓመት ዓመት የሚቆዩ ተክሎችን ቀላቅሎ መትከል የሚያስደስተኝም ጥላውን በሰዓቱ ስለሚያመጣ ነው። ሆስታና ቅጠሉን በብርድ የሚጥል ፈርን በጸደይ ዘግይተው ይነሣሉ፤ ፕሪምሮዝ በሚያብብበት ጊዜ ገና ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። ግንቦት ሲገባ ሰፊ ቅጠላቸውን ዘርግተው አፈሩን ያቀዘቅዛሉ፤ በታጂማጋሃራ ሸምበቆው የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ሆስታው ከፕሪምሮዙ አናት ላይ እንዳይተኛ ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ የሚስበውን ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣም በማታ እየለቀሙ መቀነስ ግድ ነው።

አንዳንዱ ሰው፣ በእንግሊዝ የኖራ ድንጋይ ሜዳዎች ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ በፍጥነት በሚደርቅ አፈር የሚያብበውን ፕሪሙላ ቬሪስን አንሥቶ ሊቃወመኝ ይችላል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ይህ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ድርቀት ይችላል። ነገር ግን ጥላ የግድ ነው የሚለውን አሳብ ከእኔ ይልቅ የሚያፈርሰው እርሱው ነው። ደግሞም የሚኖረው በሣር መካከል ነው፤ በጸደይ ሣሩ አጭር ሳለ ቅጠሉን ያሳድጋል፣ ያብባል፤ ከዚያ ሣሩ ያድግና አፈሩን ይጋርዳል። እኔ የምለው ሁሉም ፕሪሙላ እኩል ውኃ ይጠጣል አይደለም። ከቲቤት ረግረግ የመጣውና ዕፅዋት ሰብሳቢው ፍራንክ ኪንግደን ዋርድ በባለቤቱ በፍሎሪንዳ ስም የጠራው ፕሪሙላ ፍሎሪንዴ ሥሩ በውኃ ከራሰ ሙሉ ፀሐይም አይጎዳውም፤ ቬሪስ ደግሞ በትንሹ ይረካል። በሁለቱም ዘንድ የሚወስነው ግን ከላይ ያለው ጥላ ሳይሆን ከታች ያለው እርጥበት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል። እርጥብ ቦታ የተከሉ ሰዎች ተክሉ በብርዱ ወራት አናቱ በስብሶ እንደጠፋባቸው ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። በሲያትል ከኅዳር እስከ የካቲት ውኃ የሚተኛበት ሸክላ መሬት ብዙውን ፕሪሙላ ይገድላል። ሥሩ አየርም ይፈልጋልና ዝም ብሎ የቆመ ውኃ ያፍነዋል። የስሜኑን ገደል እዚህ ላይ እንደገና ማሰብ ይጠቅማል፤ በዚያ ውኃው በአለቱ ላይ ያልፋል እንጂ አይቋጠርም። ስለዚህ እርጥብ አፈር ስል የረጋ ውኃ ማለቴ አይደለም። በከባድ ሸክላ ላይ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ ኮምፖስት መቀላቀል፣ ጉዝጓዙንም ከተክሉ አናት ጣት ያህል ማራቅ ይህን አደጋ ይቀንሰዋል። ፍሎሪንዴና የጃፓኑ ፕሪሙላ ጃፖኒካ ከሌሎቹ በበለጠ እርጥብ መሬት ስለሚችሉ ዝቅተኛውን ቦታ ለእነርሱ መተው ይቻላል።

ደረቅ ሐምሌ ባለበት አገር ለአበባ ውኃ ማፍሰስ ተገቢ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። ጥያቄው የኅሊና ጥያቄ ስለሆነ አቅልዬ አላየውም። መልሴ የሚጀምረው ከዝርያ ምርጫ ነው። ውኃ ማጠጣት የማይፈልግ ሰው ሳኩራሶን ይትከል፤ በሞቃቱ ወራት ስለሚተኛ ድርቀቱ ብዙም አያገኘውም። ለሌሎቹም ቢሆን በየቀኑ ቅጠል ከማርጠብ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አፈሩ በጥልቀት እስኪርስ ማጠጣት ይሻላል፤ ጉዝጓዙ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ያም ሊራራቅ ይችላል። ከአንድ የሣር ሜዳ ጋር ሲነጻጸር በቅጠል የተሸፈነ የፕሪሙላ መደብ የሚጠይቀው ውኃ ጥቂት ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በየጸደዩ በገበያ አዳራሽ በርካሽ የሚሸጠውን ባለ ደማቅ ቀለም ፕሪምሮዝ ገዝቶ ሲጠወልግ መጣል አይቀልም ወይ? የሚሉ አሉ። ይቀላል። እነዚያ ተክሎች ግን በመስታወት ቤት ተቻኩለው የደረሱ፣ ሲመረጡም ለማሰሮና ለፈጣን አበባ የተመረጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ መሬት ወርደው አይበረክቱም። ይህ የዘር ምርጫ ጉዳይ መሆኑን ፍሎረንስ ቤሊስ አሳይታለች። በ1930ዎቹ አጋማሽ በኦሪገን፣ ግሬሻም በምትባል ከተማ፣ ከእንግሊዝ በመጣ ዘር ጀምራ፣ አበባ ከአበባ በእጇ እያዳቀለች፣ ውጪ የሚከርሙና ቀለማቸውም የጠራ ፕሪምሮዞችን አፈራች። ባርንሄቨን የተባለው ይህ የዘር መስመር በ1966 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ብሪታኒ ሄዶ እስከ ዛሬ ይራባል። ሥራዋን የማደንቀው ውበትንና ጽናትን ሳትነጣጥል ስለመረጠች ነው። በየዓመቱ ተገዝቶ የሚጣል አበባ ስለ አፈሩ ምንም አይነግረንም፤ ከዓመት ዓመት የሚቆየው ግን መሬታችንን እንድናውቅ ያስገድደናል።

የሚቆይ ተክል ግን መታደስ ይፈልጋል። ፕሪምሮዝ በዕድሜው አናቱ ከአፈር በላይ እየወጣ ሥሩን ለአየር ያጋልጣል፤ ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ ገደማ አበባው እንዳለቀ ነቅሎ፣ ገንጥሎ፣ ጠለቅ አድርጎ መልሶ መትከል ያስፈልጋል። ያኔ በሥሩ ውስጥ ነጫጭ እጮች ከተገኙ የጥቁር ነቀዝ ልጆች ስለሆኑ ለቅሞ ማጥፋት ነው። በመገንጠል ብቻ የሚያራባ ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የፕሪምሮዝ አበባ በሁለት መልክ ይገኛል። በአንዱ የሴቴው ዘንግ ረዝሞ በአበባው አፍ ላይ ይታያል፤ በሌላው የአበባው ዱቄት ያለባቸው ክሮች ከላይ ሆነው ዘንጉ ከታች ይቀራል። በቂ ዘር የሚገኘው ሁለቱ መልኮች ሲዳቀሉ ነው። ከአንድ ተክል የተገነጠሉ ሁሉ አንድ መልክ ስላላቸው መደቡ ምንም ቢሰፋ ዘሩ ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ሲገዙ አበባውን ቀርቦ አይቶ ሁለቱንም መልክ ይዞ መሄድ ይገባል። ዘሩ ሲበስል ጉንዳኖች በላዩ ያለውን ቅባታም ቁራጭ ፈልገው ይወስዱትና በየቦታው ይጥሉታል፤ አዳዲስ ችግኞችም ማንም ባልተከለበት ይበቅላሉ። አብዛኞቹ ከዛፉ ግንድ ርቀው፣ ለምሳሌ የጣሪያው ውኃ በሚያልፍበት ቦይ ዳር ከወጡ፣ እርጥበቱ ያለው እዚያ ነውና ትልልቆቹንም በቀጣዩ ጸደይ ወደዚያ ማዛወር ነው።